ኩሬው የዘለለን ዕለት

ትናንት ምሳ በልቼ ዓይኔ ክድን ከማለቱ ሕልም ወሰደኝ። ከባለቤቴ ከየሻረግ ጋር፣ እኔ የሽንኩርቱን ዘንቢል ይዤ፣ ከገበያ እየተመለስን ነበር። ዝናብ ይዘንባል፤ የሚዘንበው ግን ከመሬት ወደ ሰማይ ነው። ሰዉ ሁሉ ጃንጥላውን ገልብጦ እግሩ ሥር ረግጦ ይሄዳል። እኔም ጃንጥላዬን እንደ ጀልባ ረግጬ እንሸራተታለሁ። የሻረግ ግን ጃንጥላ አልያዘችም። "ከታች የሚመጣ ዝናብ ቀሚስ እንጂ ፀጉር አያበላሽም" እያለች ትስቃለች።

ሰፈራችን ልንደርስ ስንል አንድ አረንጓዴ ኩሬ መንገዱን ዘግቶ ተኝቶ አገኘነው። ልንዘለው እግራችንን ከፍ ስናደርግ ኩሬው ቀደመን። ተነሣና እኛን ዘለለን። መልሶ ሲያርፍ ውስጡ ነበርን።

ውኃው አላነቀንም። ግን አንሰናል። እንዴት እንዳነስን አላውቅም፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ፊታችን እንደ ተራራ ተገትራ ነበር። ከቅንጣቷ ጀርባ ሁለት ዘበኞች ብቅ አሉ። ቁመታቸው እንደ ዱላ ቀጥ ያለ ነው፤ ዓይንም አፍም የላቸውም። ከኋላቸው ረጅም ጅራት እንደ ቬንትሌተር ይሽከረከራል። ወዲያው አወቅኋቸው። ስሜ ይርዳው ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባክቴሪያ ጉልበቱን ከየት እንደሚያገኝ በየዓመቱ አስተምራለሁ። ፊት ለፊት ተገናኝተን ግን አናውቅም ነበር። ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሣሁ።

"ምን ትበላለህ?" አለኝ አንደኛው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት፣ እንዴት ዋልክ ያለኝ መስሎኝ።

"ምን ትበላለህ ነው ያልኩህ። ምንስ ትጥላለህ?"

በኋላ ሲገባኝ ለካ እዚያ አገር ሰላምታ ይኸው ነው። ጤና እንዴት ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው አይባባሉም። ምን ትበላለህ፣ ምን ትጥላለህ ይባባላሉ። አንተ የምትጥለው ለእኔ ምሳ ይሆነኛል ወይ ማለታቸው ነው።

ሁለተኛው ዘበኛ ወደ የሻረግ ተጠጋና በጅራቱ ጫፍ ክንዷን ነካ አደረጋት። "ይቺ ስኳር ናት" አለ። "ከእግር እስከ ራሷ ስኳር። ወደ ታች ትውረድ።"

"ስኳር የሚለኝስ ባሌ ነበር" አለች የሻረግ፤ "እሱም ከሠርጋችን ወዲህ ረስቶታል።"

"እሱስ?" አለ አንደኛው እኔን እያሳየ።

ጓደኛው ጅራቱን ደረቴ ላይ አሳርፎ ቆየ። "የዚህ አልታወቀም። ሄዶ ይጣራ።"

ይህን ብለው የሻረግን ከግራና ከቀኝ ይዘዋት እንደ ጠጠር ወደ ታች ሰመጡ። ልከተል ብል ውኃው እንደ ቡሽ መልሶ አንሳፈፈኝ። "የሻረግ!" ብዬ ጮህኩ። ከጨለማው ውስጥ ድምፅዋ መጣ። "ዘንቢሉን እንዳትጥለው!" ዘንቢሉን ባየው ሽንኩርቶቹ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። አብረን ገበያ ሄደን አብረን ሳንመለስ ቀርተን አናውቅም።

የሚጣራበትን ቢሮ ፍለጋ ሄድኩ። አንድ መዞሪያ ላይ ረጅም ሰልፍ አገኘሁና ከኋላ ልቆም ስል የተሰለፉት ሁሉ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ለካ የተሰለፉት ጸሐፊዎቹ ናቸው። የሚጠብቁት ባለጉዳይ ነው። እያንዳንዳቸው ወንበራቸውን ተሸክመው፣ ማኅተማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። ከፊት ያለችው ክብ ጸሐፊ ከማላቧ ብዛት ታብለጨልጫለች።

"ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው የቆምነው" አለችኝ። "እባክዎ ጉዳይዎን ይስጡን።"

"ሻይ ጠጥቼ ልምጣ" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ሰልፉ በሙሉ አለቀሰ። አንዱ ሽማግሌ ጸሐፊ ወንበሩን አውርዶ፣ "ትናንትም የመጣው ባለጉዳይ ስብሰባ ላይ ነኝ ብሎን ነው የሄደው" አለ። አሳዘኑኝ። ደግሞም የሻረግ ትዝ አለችኝና አፈርኩ። "ባለቤቴን ወደ ታች ወስደውብኛል፤ እኔ ምን እንደሆንኩ ተጣርቶ ልከተላት እፈልጋለሁ" አልኳቸው። እልል አሉ። ክቧ ጸሐፊ ፊቴ ወንበሯን ዘርግታ እኔን አስቀመጠችኝና ራሷ ቆማ መጠየቅ ጀመረች።

"ብርሃን ይበላሉ?"

"አልበላም።"

"ድንጋይ?"

"ምስር ውስጥ፣ አልፎ አልፎ።"

"ታዲያ ዋናው ምግብዎ ምንድን ነው?"

"ዳቦ።"

"ዳቦው ከምን ይመጣል?"

"ከስንዴ።"

"ስንዴዋስ ምን በልታ አደገች?"

"ብርሃን" አልኩ። ይህን እንኳ አውቀዋለሁ።

ጸሐፊዋ ወደ ሰልፉ ዞራ በዝግታ፣ "ሰልባጅ ነው የሚበላው" አለች። "ሌላ ሰው ለብሶት የጣለውን ብርሃን።" በሰልፉ ውስጥ ከንፈር የመምጠጥ ድምፅ ሄደ።

"ምን ይጥላሉ?" አለችኝ።

"መምህር ነኝ። የምጥለው… ያው ንግግር ነው።"

"የሚበላው አለ?"

"ተማሪዎቼ።"

"ይፈጩታል?"

ልዋሽ አሰብኩ። ግን ያቺ ክብ ፍጥረት ከልቧ ነበር የምትጠይቀኝ። "እስከ ፈተና ድረስ ይይዙትና እንዳለ ይመልሱልኛል" አልኳት።

ማኅተሟን አንሥታ ግንባሬ ላይ አሳረፈችው። ያለ መስታወት አነበብኩት፤ በሕልም ይቻላል። "ሰልባጅ በሊታ፤ ወደ ታች መውረድ ይችላል" ይላል። "ባለቤትዎ ያሉት ከጭቃው ውስጥ፣ አየር ከማይደርስበት አዳራሽ ነው" አለችኝ። "መጀመሪያ ግን ወደ ላይ ይውጡ። የሚተነፍሱት ነገር ከእትዬ ጮራ ይቀበሉ፤ አለዚያ እዚያ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ያልቃሉ።"

እትዬ ጮራን ከውኃው ጣሪያ ላይ አገኘኋቸው። አረንጓዴ ናቸው፤ ወዝ በወዝ። ከእኩዮቻቸው ጋር ተያይዘው እንደ ዶቃ ክር ተዘርግተው ፀሐይ ይበላሉ። እኛ አገር ከላይ የተቀመጠ የታችኛውን ይበላል፤ እዚያ ግን ከላይ ያሉት አብስለው ወደ ታች የሚያወርዱ ናቸው።

"ምን ይበላሉ እትዬ?" አልኳቸው፤ ሰላምታውን ለምጄዋለሁ።

"ጀንበር ልጄ። ጀንበርና ውኃ።"

"ምንስ ይጥላሉ?"

"አየር።"

"አየር? እኛ የምንተነፍሰውን?"

እትዬ ጮራ ደነገጡ። "የእኔን ቆሻሻ ትተነፍሳላችሁ? ውይ በሞትኩት!" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። ቆየት ብለው ግን ሳቅ አሉ። "እሱስ በእኛ ብዙ ተወርቷል። ጥንት አያቶቻችን አየሩን ሲጥሉት፣ ሲጥሉት ዓለሙን ሞላው። ያልቻለው አለቀ። የተረፈው ወደ ጭቃው ወርዶ ተደበቀ። እዚያው ተሾመና እዚያው ቀረ። ያሁኖቹ የታች ሹማምንት የእነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው። መስኮት ሲከፈት የሚያማቸው በትምክህት አይደለም ልጄ፤ በዘር ነው።"

ከጎናቸው አንዲት የአየር አረፋ ቀጥፈው ሰጡኝ። እንደ እንቁላል ሙቅ ናት። "ለሁለት ሰው አትበቃም" አሉኝ፤ "ቶሎ ተመለሱ።"

የሚያወርደው ደረጃ ረጅም ነበር። በየእርከኑ አንዳንድ ሠራተኛ ቆሟል፤ ከላይ የመጣውን ትኩስ ፍም እየተቀበለ ከታቹ ላለው ያቀብላል። ማንም ፍሙን አያቆየውም፤ ያቃጥላል። ከእጅ ወደ እጅ አንድ እርከን በወረደ ቁጥር ከጎኑ ያለው ወፍጮ ዥው ብሎ ይዞራል።

"ያዝ!" አለኝ የላይኛው።

"እኔ እኮ መንገደኛ ነኝ!"

"መንገደኛም እጅ አለው። ያዝ!"

ያዝኩ። አቃጠለኝ። ለታችኛው ወረወርኩለት፤ ከጎኔ ወፍጮው ዞረ። ደግሞ ያዝኩ። ደግሞ ወረወርኩ። እንዲህ እያልኩ ወረድኩ። ደረጃው መጨረሻ ላይ ኦክስጅን የሚሉት ወፍራም ሰውዬ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። የደከመውን ፍም ይቀበልና፣ "ደርሶኛል!" ብሎ ጮኾ ውኃ ሆኖ ይፈሳል። ሌላው በቦታው ይተካል። እሱ ባይኖር ሰልፉ በሙሉ ፍም እንደያዘ ተቃጥሎ ይቆም ነበር።

ቆም ብዬ አየሁ። እኛም አገር በየቢሮው ሰው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይተላለፋል። ከስድስት ቁጥር ወደ ዘጠኝ፣ ከዘጠኝ ወደ ምድር ቤት ይላካል። ነገር ግን በሰው መተላለፍ ወፍጮ ሲዞር ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ሠራተኞቹ ለላቤ ዋጋ፣ ወፍጮው ጉልበት የሚቋጥርባትን ሦስት ዶቃ የተሰካባት ክር ሰጡኝ። "የመጨረሻዋን በጥስ" አሉኝ። ስበጥሳት የዛለው ጉልበቴ እንደ ጥጃ ፈነጠዘ። ሁለት ዶቃ የቀራትን ክር ከእጄ ነጥቀው ወፍጮው ላይ ሦስተኛ ዶቃ ሰኩላትና ለሌላው ወረወሩለት።

"አንዲት ለነገ ልያዝ" አልኳቸው።

"ነገ ምንድን ነው?" አለኝ አንዱ። እያሾፈ አልነበረም። ጓደኞቹን ጠየቃቸው፤ እነሱም አያውቁትም።

ከደረጃው በታች አየሩ እየሳሳ፣ ውኃው እየጠቆረ መጣ። አንድ ግዙፍ ሕንፃ ጭቃው ላይ ቆሟል። ፊቱ በነጭ ቀለም ተለቅልቆ ያበራል፤ አንድም መስኮት የለውም። ምሰሶው ሥር አንድ ቀይ ሽማግሌ ተቀምጦ ያለቅሳል። እንባው ዝገት ነው። አቶ ዝገቱ ይባላሉ።

"ምን ይበላሉ አባቴ?"

"ብረት ነበር" አሉ። "አሁን ምኑን እበላለሁ? ለአዳራሹ ብረት በገፍ ገብቷል፣ ተመርቋል፣ ሪባን ተቆርጧል ሲባል ሰምተን ከነቤተሰባችን አገር ለቀን መጣን። ምሰሶውን ስንቆፍር አሸዋ። ገባ ብለን ስንቆፍር አሸዋ። መጨረሻ ላይ አንዲት ሽቦ አገኘን፤ እሷም የልብስ ማስጫ ናት።"

"ብረት ከሌለው ሕንፃው በምን ቆመ?"

"በቀለሙ ነዋ" አሉኝ፣ ግራ በመጋባት እያዩኝ። "እባክህ አገርህ ስትመለስ ለሚመለከተው ንገርልን። ሲሚንቶውን ይስረቁ፣ እኛ ሲሚንቶ አንበላም። ብረቱን ግን ለምን?"

እነግራለሁ ብዬ ማልኩላቸው። የአዳራሹን በር በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱልኝና እንደገባሁ መልሰው ዘጉት።

ውስጡ ኮምጣጣ ነው፤ የተበላሸ እንቁላል፣ የከረመ ሊጥ፣ የመቶ ሰው ካልሲ ይሸታል። ግድግዳው ላይ "መስኮት መክፈት በሕግ ያስቀጣል" ተብሎ ተጽፏል፤ መስኮት ግን የለም። አዳራሹ ሞልቷል። የተነሣው ሁሉ ይናገራል። በተናገረ ቁጥር ከራሱ ላይ አረፋ ቡልቅ ብሎ ወደ ጣሪያው ይወጣና በስንጥቅ ያመልጣል። ከኩሬ ሥር ቡልቅ ቡልቅ ሲል የኖረው ሁሉ ስብሰባ መሆኑን ያኔ አወቅሁ።

የሻረግ ከፊት ወንበር ላይ እጆቿን አጣምራ ተቀምጣለች። ወንበሮቹን እየዘለልኩ ሄጄ አጠገቧ ዘጭ አልኩ። እንባዬ መጣ።

"የት ቆየህ?" አለችኝ።

"ወደ ታች ለመውረድ ወደ ላይ መውጣት ነበረብኝ።"

"ዘንቢሉስ?"

አሳየኋት። ቆጠብ ብላ ፈገግ አለች፤ ከንፈሯ ግን ደም አልነበረውም። ፊቷም የላምባ መብራት መስሏል። አረፋዬን አውጥቼ በመዳፌ ሸፍኜ አፍንጫዋ ሥር አደረግሁላት። አንዴ ሳበችና ቀለሟ መለስ አለ።

"ምን አሉሽ?"

"ሊያቦኩኝ ነው" አለች። "ስገባ አጀንዳ አድርገው ያዙኝ። እስካሁን ግን በአጀንዳው ቅደም ተከተል ላይ ነው የሚነጋገሩት። ያ መድረኩ ላይ እንደ ኮክ ፍሬ ተጠቅልሎ የተኛው ሊቀመንበራቸው ነው። ክቡር ካባ ይሉታል። ክፉ ቀን ሲመጣ ያንን ወፍራም ካባ ለብሶ ይተኛል አሉ። ድርቅ ቢሆን፣ እሳት ቢሆን፣ ለውጥ ቢሆን አይነካውም። ቀኑ ሲስተካከል ይነሣና ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ስንት ዘመን እንዲህ ተሻግሯል መሰለህ!"

"ማን ነገረሽ?"

"ጎኔ ያለው። ወሬ ይወዳሉ።"

በዚህ መሐል ካባው ተሰነጠቀ። ክቡር ካባ አንገታቸውን አወጡ፣ ቀጥለው እጃቸውን። አዳራሹ ተነሥቶ ቆመ።

"ጓዶች…" አሉና ቆም አሉ። "ወገኖች… ወይስ ክቡራት… አሁን ያለነው የቱ ጋ ነው? ምን ነው የምንባባለው?"

"ክቡራንና ክቡራት ነው ጌታዬ!" አላቸው አዳራሹ።

"ክቡራንና ክቡራት! ጉልበት ከየት እናገኛለን?"

"ከማብላላት!"

"ነገሩን እስከ መጨረሻው እንፈጨዋለን ወይ?"

"አንፈጭም!"

"ለምን?"

"የጨረሰ ሥራ ፈት ነው!"

ክቡር ካባ ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እነዚያ ከላይ ያሉት አየር ወዳዶች አንዲቱን ስኳር እስከ ዐመዷ ድረስ አቃጥለው ብዙ ጉልበት ያወጣሉ። ይህ ጥድፊያ ነው። እኛ ጫፏን ሰበር እናደርጋለን፣ ጥቂት ጉልበት እንወስዳለን፣ የቀረውን አኮምጥጠን እንጥላለን። ጉልበታችን ትንሽ ሊሆን ይችላል። ኮምጣጣችን ግን ለአገር ይተርፋል!"

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ጣሪያው በአረፋ ተሸፈነ። እኔ ይህንን ትምህርት ሳስተምር "እርሾ" እያልኩ፣ "እርጎ" እያልኩ ምሳሌ እሰጥ ነበር፤ አንድ ቀን ሚስቴን ያመጡብኛል ብዬ አላሰብኩም። ብድግ አልኩ።

"ክቡር ሊቀመንበር፣ ይቺ ሴት ምግብ አይደለችም! ባለቤቴ ናት!"

"ሥነ ሥርዓት!" አለ አንዱ።

"ስኳር መሆኗ በአጀንዳ ሁለት ተረጋግጧል!" አለ ሌላው።

ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ መዳፌን ከፈትኩ። የእትዬ ጮራ አረፋ ብቅ አለች። አዳራሹ ባንድ አፍ "አየር! አየር ይዟል!" ብሎ ጮኸ። የፊት ረድፍ ተዝለፍልፎ ወደቀ፣ የኋላው በወንበር ሥር ተሸሸገ። ክቡር ካባ ካባቸውን በአንድ እጃቸው እየሳቡ፣ "ተረጋጉ፣ ተረጋጉ! እንነጋገር!" አሉ። ድምፃቸው ከካባው ውስጥ እንደ ጋን ተሰማ። "አንተ ሰውዬ፣ አረፋህን ክደን። እኛ ጨካኞች አይደለንም። ለዛሬ አንድ ሰው ይበቃናል። ወደ ማብላያው ጋን በፈቃዱ የሚሄድ አንድ ሰው ስጡን። በፈቃዱ የሚሄድ ከጠፋ ግን ሴትዮዋን እንልካታለን።"

አረፋዋ እጄ ላይ እየኮሰመነች ነው። ሁሉም እኔን ያያሉ።

ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተከልኩ። በጎ ፈቃደኛ ሲባል ጫማ ማየት ልማዴ ነው። ጫማዬ ጭቃ ነክቶታል። ክሩ ተፈትቷል። ሞት እንዲህ ነው የሚመጣው አልኩ በሆዴ፤ በጋን ውስጥ፣ በግማሽ ተሰብሬ፣ ኮምጥጬ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ደግሞ ያላረምኩት የተማሪዎች ወረቀት ትዝ አለኝ፤ በሞት ፊት እንኳ ይህ ነገር አይለቅም።

ከጎኔ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ቀና ስል የሻረግ ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አስቀምጣ እጇን ቀስ አድርጋ እያነሣች ነው።

"ምን ልትሆኚ ነው?" አልኳት።

"አንተ ጨጓራህ ኮምጣጣ አይችልም" አለችኝ በሹክሹክታ። ሌላ ነገር የለም፤ ይህንን ብቻ ነው ያለችው።

ልቤ እንደ ማሰሮ ስንጥቅ አለ። እጇ ትከሻዋ ጋ ሳትደርስ ዘልዬ ተነሣሁ። ቀኝ እጄን እስከ ጣሪያው ሰቀልኩ። ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

"እሷን ተዉአት! እኔን ላኩኝ! እኔ እሄዳለሁ!"

ጭብጨባው ፈነዳ። የራሴ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ሲያስተጋባ ዓይኔን ገለጥኩ።

ቆሜያለሁ። ያለሁት በትምህርት ቤታችን የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ከምሳ በኋላ የጀመረው የመምህራን ስብሰባ አላለቀም ነበር። መምህራኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረው ያጨበጭባሉ። መድረኩ ላይ ዳይሬክተራችን አቶ ፈንታሁን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።

"መምህር ይርዳው" አሉ፤ ድምፃቸው ተቆራረጠ። "እኔ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ቆላው ጫፍ ለተከፈተው አዲስ ትምህርት ቤት በፈቃዱ የሚሄድ አንድ መምህር አጥተን፣ ይኸው እጣው መምህርት አስካለ ላይ ሊወድቅ ሲል… ውኃ በግመል የሚመጣበት አገር ነው እኮ! ስልክ አይሠራም፣ መንገዱም ክረምት ሲገባ ይዘጋል፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ነው… አንተ ግን አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ!"

ከፊቴ ካለው ረድፍ መምህርት አስካለ ተነሣች። የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ስንገናኝ ደኅና ዋልክ፣ ደኅና ዋልሽ ከመባባል አልፈን አናውቅም። ወንበሯን ገፍታ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። "እሷን ተዉአት አልክ" አለችኝ እየተንሰቀሰቀች። "ወንድሜ እንኳ እንዲህ አይልልኝም።"

"አስካለ፣ ቆይ፣ እኔ እኮ…" አልኩ።

ከኋላዬ አንዱ፣ "እኔ መች ጠረጠርኩ!" ሲል ሰማሁ። ሌላው፣ "ዝምተኛን እኮ አትመነው" አለው። ዞር ስል የየሻረግ የአጎት ልጅ ወንድይፍራው፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ በሩ እየሮጠ ነው።

ተኝቼ ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። በስብሰባ ላይ ተኝቼ ነበር ማለት ምን እንደሚያስከትል ታውቃላችሁ። አፌን ዘጋሁ።

"እንግዲህ መኪናው ሐሙስ ጠዋት ይነሣል" አሉ አቶ ፈንታሁን። "ለሥነ ሥርዓቱ ያህል፣ መምህር ይርዳው መሄዱን የሚቃወም ካለ እጁን ያውጣ።"

እኔ እቃወማለሁ ልል እጄን ላወጣ ሞከርኩ። አልወጣ አለኝ። ቀና ብዬ ሳየው ከቅድም ጀምሮ አልወረደም፤ እዚያው ጣሪያው ሥር ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"እዩት!" አሉ አቶ ፈንታሁን፣ እንደገና መሐረባቸውን እያወጡ። "እሄዳለሁ ብሎ እስካሁን እጁን አላወረደም!"